በሰከንድ አርባ ስምንት ሺህ ጊዜ

መሥሪያ ቤታችን መጥታችሁ "ጋሼ ጆሮ የት ነው?" ብትሉ የማያሳያችሁ የለም። በትክክለኛ ስሙ ከጠየቃችሁ ግን ጥበቃው ራሱ "እንደዚህ የሚባል ሰው እዚህ አይሠራም" ብሎ ይመልሳችኋል። የድንገተኛ ጥሪ ማዕከላችን የድምፅ ቴክኒሻን ነበር። ሰው ሲታመም፣ ቤት ሲቃጠል፣ መኪና ሲገለበጥ ወደ እኛ ይደወላል፤ የተደወለው ሁሉ ይቀረጻል፤ የተቀረጸውን የሚጠብቀው እሱ ነው። እኔ ደግሞ ቃለ ጉባኤ ጸሐፊ ነኝ። ሰው የተናገረውን እኔ በወረቀት እይዛለሁ፣ እሱ በማሽን ይይዛል፤ ስለዚህ ከባልደረባ አልፈን እንደ ዘመድ ነበርን።

ፈጣሪ ጆሮውን ሲሰጠው ጸባዩን ረስቶበታል። በር ሲንቋረር ከሰማ ምሳውን ትቶ ይነሳና ማጠፊያውን ዘይት ይቀባል። ከጣሪያው የተንጠለጠለውን ማራገቢያ አንጋጦ አይቶ "ሦስተኛው ክንፍ ላልቷል" ይላል፤ ሲፈታ እውነትም ላልቶ ይገኛል። በስብሰባ መሀል ወንበሩን የሚጎትት ሰው ካለ አይኑ ይፈጣል። ወደ እኛ ከመምጣቱ በፊት ሃያ ሁለት ዓመት ሙዚቃ ቤት ውስጥ ዘፈን ሲቀርጽ ኖሯል፤ ዘፋኝ ሁሉ ይፈራው እንደነበር ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ፤ እሱም እየኮራ ነው የነገረኝ።

ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት እንደሚቀመጥ ያስተማረኝም እሱ ነው። አስተማረኝ ከምል አደነቆረኝ ብል ይቀላል። ኮምፒውተር ድምፅን አያጠራቅምም፣ ይለካዋል እንጂ። በእያንዳንዷ ሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ የድምፁን ከፍታ ይለካና ቁጥር ይጽፋል። መልሶ ሲያጫውት ደግሞ እነዚያን ቁጥሮች በተለኩበት ፍጥነት ይደረድራል። ለዘፈን ሲዲ ልኩ በሰከንድ አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ ጊዜ ነው። የኛ መቅረጫ ማሽን ግን በሰከንድ አርባ ስምንት ሺህ ጊዜ ነው የሚለካው። ይህን ልዩነት ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ሕንፃው ውስጥ አልነበረም።

ከስልክ ተቀባዮቹ አንዷ ጋር ተኳርፈው ነበር። ስልክ ተቀባይዋ በሥራው ላይ አሥራ አራት ዓመት ቆይታለች፤ ፈጣን ናት፣ ቀጥተኛ ናት፣ አንድ ክፉ ልማድ አለባት፦ እያወራች እስክሪብቶዋን ቀጭ ቀጭ ታደርጋለች። ቀጭታው ቅጂው ውስጥ ይገባል። ጋሼ ጆሮ፣ በአጭሩ ጆሮው የምንለው፣ አንዴ ነገራት፣ ሁለቴ ነገራት፣ በሦስተኛው ለኃላፊዋ ደብዳቤ ጻፈ። እሷም "ሰው እየሞተ እስክሪብቶ የሚቆጥር" አለችው። ከዚያ ወዲያ ሰላምታ እንኳ የላቸውም። ስምንት ወር።

ነገሩ የመጣው በአንድ ማክሰኞ ረፋድ ነው። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ "ባለቤቴ ደረቱን ይዞ ወደቀ" ብለው ደወሉ። ስልኩን ያነሳችው ይህችው ባለ እስክሪብቶዋ ሴት ናት። አምቡላንሱ ደረሰ፤ ሰውዬው ግን ሐኪም ፊት ሳይቀርቡ አረፉ። ከሳምንት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ከል እንደለበሱ መጥተው አቤቱታ አስገቡ። ሁለት መስመር ነበር፦ "ባሌ እየሞተ ልጅቷ ዝም አለችኝ። እንቅልፍ ላይ ነበረች።"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማወቅ አለባችሁ። እኛ ዘንድ መኪና አሰማሪው ከስልክ ተቀባዮቹ አጠገብ ነው የሚቀመጠው። ለሱ ሲናገሩ ማይኩን በመዳፋቸው ይሸፍናሉ፤ "ልብ ነው፣ ቶሎ በል" ሲባል የሰማ ደዋይ የባሰ እንዳይደነግጥ። ማንም አላዘዛቸውም፣ መመሪያ ላይም የለም። የቀደመችው ለአዲሷ እያሳየች የመጣ ልማድ ነው። ስልክ ተቀባይዋም ስትጠየቅ ያለችው ይህንኑ ነው፦ "ዝም አላልኩም፤ ሸፍኜ ለአሰማሪው ነገርኩት።" አሰማሪው ሲጠየቅ ደግሞ "በዚያ ቀን ስልሳ መኪና ልኬያለሁ፤ የቱን ላስታውስ?" አለ። የመኪና መውጫ መዝገቡ ደቂቃ እንጂ ሰከንድ አይጽፍም። ቀረ ቅጂው።

አቤቱታውን ሊያጣራ የተቋቋመው ኮሚቴ ጋሼ ጆሮን የጥሪውን ድምፅ ግልባጭ ጠየቀው። ከመቅረጫው የሚወጣው ፋይል ጥሬ ነው፤ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደተለካ ራሱ አይናገርም፤ የሚከፍተው ሰው ቁጥሩን መሙላት አለበት። የኛው ማጫወቻ ስለሚያውቀው ማንም ሞልቶ አያውቅም። የኮሚቴው ኮምፒውተር ላይ ግን ያ ማጫወቻ የለም፤ ስለዚህ ጆሮው ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥሩን በእጁ ሞልቶ ወደ ተራ የድምፅ ፋይል ቀየረው። በኢሜይል አልላክ ሲለውም መጠኑን አሳነሰው። ላከው። "ግልባጩ ከዋናው ጋር አንድ ነው" የሚል ወረቀት ላይም ፈረመ። የተኳረፋት ሴት ጉዳይ ስለሆነ ከመላኩ በፊት ሊያዳምጠው አልፈለገም፤ ደስ ያለው እንዳይመስል ፈርቶ፣ ወይም ደስ እንዳይለው ፈርቶ። በኋላ ሲነግረኝ የቱ እንደሆነ እሱም አልለየውም።

የመጨረሻው ስብሰባ አራተኛ ፎቅ ላይ አራት ሰዓት ተጀመረ። ሦስት የኮሚቴ አባላት፣ ስልክ ተቀባይዋ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ድምፁን የሚያጫውተው ጆሮው፣ የምጽፈው እኔ። ሰብሳቢው ገና ሲከፍቱ "ዛሬ ሳንወስን አንነሳም" አሉ። ጥፋተኛ ከተባለች ትባረራለች፤ ከነምክንያቱ ማኅደሯ ላይ ይጻፋል፤ ሥራ ላይ ተኝታ ሰው አስገደለች የተባለችን ሴት ማንም ስልክ ፊት አያስቀምጣትም። ስልክ ተቀባይዋ ተጨማሪ ልብስ እንኳ ሳትደርብ ነበር የመጣችው፤ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ እጆቿን ብብቷ ሥር ደብቃ ተቀመጠች።

ድምፁ ተከፈተ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አፈርኩላት። ከያቺ ቀልጣፋ ሴት አፍ ወፍራም፣ ጎታታ፣ አሁን ከትራስ ቀና ያለ ሰው ድምፅ ነበር የሚሰማው። "የ…ት ነው ያ…ሉት?" ልብስ ሰፊዋ ሰፈራቸውን ይናገራሉ። ከዚያ ዝምታ። አሥራ ሁለት ሰከንድ፣ ሽ… ከሚል ሽሽታ በቀር ምንም የሌለበት። እዚያ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ብትሰሙት አሥራ ሁለት ዓመት ይመስላችኋል። አንደኛው የኮሚቴ አባል ራሱን ነቀነቀ።

ድምፁ ሲያልቅ ልብስ ሰፊዋ ግራ ተጋብተው ዞር ዞር አሉ።

"ይሄ የኔ ድምፅ አይደለም" አሉ።

"እናቴ" አሉ ሰብሳቢው ለስለስ ብለው፣ "ሰው የራሱ ድምፅ ተቀርጾ ሲሰማው ሁልጊዜ የሌላ ይመስለዋል።"

"የኔ አይደለም እላለሁ! ይሄ የወንድ ነው የሚመስለው። እኔን ሰፈሩ ሁሉ 'ፉጨት' ነው የሚለኝ።"

ከአባላቱ አንዱ ፈገግታውን በእጁ ሸፈነ። ጆሮው ግን አልሳቀም። ከላፕቶፑ ቀና ብሎ "ክቡር ሰብሳቢ፣ አንዴ ልድገመው?" አለ።

"ምን ጎደለው?"

"ድምፁን ከፍ ላድርገው ብዬ ነው።"

ፈቀዱለት። ከፍ ያለ ነገር ግን አልነበረም። ግራ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ የእጅ ሰዓቱን ያይ ነበር። የምንቀርጸው መስመር ላይ በየአሥራ አምስት ሰከንዱ አንዲት "ጢት" የምትል ድምፅ አለች፤ ለደዋዩ እየተቀረጸ መሆኑን ለማሳወቅ ነው፤ እኛ ስለለመድናት አንሰማትም። እሱ ግን እሷን እየቆጠረ ነበር። ጢት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ጢት። ከመጀመሪያዋ እስከ አምስተኛዋ ድፍን አንድ ደቂቃ መሆን ነበረበት። አንድ ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ ሆነ። ፊቱ አመድ መሰለ።

ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ጥሪው ከተደወለ ዛሬ ስንተኛ ቀኑ ነው?" አለኝ።

ማኅደሬን አየሁ። "አርባ አምስተኛው። ምነው?"

 ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየ። አራት ከአርባ ይላል።

ያኔ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ግን ሁሉንም አውቃለሁ። መቅረጫው ቦታ እንዳይሞላበት አርባ አምስት ቀን የሞላውን ጥሪ በራሱ ጊዜ ያጠፋል፤ ቀኑን ብቻ ሳይሆን ደቂቃውንም ቆጥሮ። ይህ ጥሪ አምስት ከሃያ ላይ ይጠፋል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ። ጆሮው እዚያች ወንበር ላይ ዝም ብሎ ቢቀመጥ፣ ምንም ሳያደርግ፣ አንድ ጣት እንኳ ሳያነሳ፣ ዋናው ድምፅ ይሄዳል፤ ጥፋቱን ከሱ በቀር የሚያውቅ ፍጡር አይኖርም። ቢናገር ደግሞ ፊርማው ከፊታቸው ተቀምጧል፤ ከልጅቷ ጋር መኳረፉን ሕንፃው ሁሉ ያውቃል። ማን በስህተት ነው ብሎ ያምነዋል? ጡረታ ሊወጣ አራት ዓመት ቀርቶታል።

ሃያ ስድስት ደቂቃ ተቀመጠ። ጥሩ ሰው ነውና ልሸፋፍንለት ብዬ ነበር፤ እሱ ራሱ "ጻፊው" አለኝ። ሃያ ስድስት ደቂቃ ሙሉ ኮሚቴው መመሪያ ሲያነብ፣ አሰማሪውን በስልክ ሲጠይቅ፣ እርስ በርሱ ሲንሾካሾክ ጆሮው ጥርሱን ነክሶ ያንን የግድግዳ ሰዓት ያይ ነበር። ላቡ ከጆሮ ግንዱ ሥር ሲወርድ አይቻለሁ። አሞት መስሎኝ ውኃ ቀዳሁለት፤ አልነካውም።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ስልክ ተቀባይዋን "የምትጨምሪው ካለ" አሏት።

ብድግ አለች። ለወትሮው ስትቆጣ አንገቷ ይቀላል፤ አሁን ግን ምንም የላትም።

"አርባ ቀን ሙሉ ነቅቼ ነበር ስል ቆየሁ" አለች። "ማይኩን ሸፍኜ እንደነገርኩት በደንብ ይታወሰኝ ነበር። ግን ይሄን ድምፅ ሁለቴ ሰማሁት። ይሄ የነቃ ሰው ድምፅ አይደለም። አንቀላፍቼ ይሆናላ። እንደነገርኩት ያለምኩት ይሆናል።" ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞረች። "እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ።"

ጆሮው ወንበሩን ወደ ኋላ ገፍቶ ተነሳ። በሕይወቱ የወንበር ድምፅ ሲያሰማ ያኔ የመጀመሪያው ይመስለኛል።

"እሷ አይደለችም" አለ። "እኔ ነኝ። ግልባጩ የተበላሸ ነው። ዋናው ከአሥራ አራት ደቂቃ በኋላ ይጠፋል፤ ልውረድ።"

"ቁጭ በል!" አሉ ሰብሳቢው። "ስብሰባው ሳይጠናቀቅ ማንም አይወጣም።"

ወጣ። ሰብሳቢው ወደ እኔ እያመለከቱ "ተከተይው!" አሉ፤ ሊያመልጥ ነው ብለው ይሁን ሊያጠፋው ነው ብለው አላውቅም። አሳንሰሩ ከተበላሸ ወር አልፎታል። ያ ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው አራት ፎቅ ደረጃ እየዘለለ ወረደ። እኔ ጫማዬን አውልቄ በባዶ እግሬ ተከተልኩት። የማሽን ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ቁልፉን ቀዳዳው ውስጥ ማስገባት አቅቶት ይታገላል። ነጥቄው ከፈትኩ።

ዝርዝሩን ከፈተ። ጥሪዋ ከላይ አለች፤ ከጎኗ ደቂቃዋ ተጽፏል። ፍላሽ ሰክቶ ገልብጥ ብሎ አዘዘ። ያቺ የምትሞላ አረንጓዴ መስመር እንዴት እንደምታዘግም! አምስት ከአሥራ ሁለት። አምስት ከአሥራ አራት። እሱ ስክሪኑን በሁለት እጁ ይዞት ቆሟል፣ የሚያፋጥነው ይመስል። አምስት ከአሥራ ሰባት ላይ ሞላች። ፍላሹን ነቅሎ ደረት ኪሱ ከተተው። ወዲያው መሄድ ስንችል ሁለታችንም ቆመን ቀረን። ሦስት ደቂቃ ጠበቅን፤ ጥሪዋ ከዝርዝሩ ላይ አይናችን እያየ ጠፋች። ጆሮው ግድግዳውን ተደግፎ በረጅሙ ተነፈሰ።

ስንመለስ ሁሉም እንደቆሙ ነበር።

"ከዚህች ሴት ጋር ተኳርፋችኋል ይባላል" አሉ ሰብሳቢው ገና ሳይቀመጥ።

"ተኳርፈናል።"

"ታዲያ ሆን ብለህ ያደረግኸው አይደለም ብዬ እንዴት ልመን?"

"ሆን ብዬ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ዝም ብዬ ቁጭ ባልኩ ነበር፤ ነገሩም በሰላም ያልቅ ነበር" አለ። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ትንፋሹ አልተመለሰም። "ሃያ ሁለት ዓመት ስከፍት የኖርኩት የዘፈን ፋይል ነው። ስንት ብሎ ሲጠይቀኝ እጄ አርባ አራት ሺህ አንድ መቶ ብሎ ሞላ፤ እኔ ሳላስብ እጄ ሞላው። የተለካው ግን አርባ ስምንት ሺህ ነው።"

"በሰው ቋንቋ ንገረን!" አሉ ሰብሳቢው ጠረጴዛውን እየመቱ።

ጆሮው እንደገና ከቁጥሩ ጀመረ። ድምፅን የሚያስረዳው ለኔ ብቻ ነበር፤ እኔ ደግሞ እየሰማሁ የማስመሰል ተሰጥኦ አለኝ። ያዳኑት ልብስ ሰፊዋ ናቸው።

"ቆይ፣ ስፌት በለው" አሉ። "አንድ ክንድ ጨርቅ ላይ አርባ ስምንት ጥልፍ ሰፍቼ፣ አንተ ክንዱ አርባ አራት ነው ብለህ ብትዘረጋው…"

"ያው ስፌት ከአንድ ክንድ ያልፋል እትዬ።"

"ይረዝማላ።"

"ይረዝማል። ድምፅ ሲረዝም ይጎተታል፣ ይወፍራል። የሷም፣ የእርስዎም። እርስዎ ብቻ ነዎት ልክ የሰሙት።"

ሰብሳቢው ቀስ ብለው ተቀመጡ። "ዝምታውስ? ዝምታ ቢረዝምም ዝምታ ነው" አሉ።

"እሱ ሁለተኛው ጥፋቴ ነው። ማሽኑ ሲለካ ስንት መስመር ባለው ሜትር ነው የሚለካው የሚል ነገር አለ፤ እኛ ቢት እንለዋለን። የኛው አሥራ ስድስት ቢት ነው፤ ስልሳ አምስት ሺህ ደረጃ አለው። ፋይሉን ላሳንስ ብዬ ወደ ስምንት አወረድኩት። ሁለት መቶ ሃምሳ ስድስት ደረጃ ብቻ ቀረ።"

"ሚሊሜትሩ የተፋቀ ሜትር" አሉ ልብስ ሰፊዋ። ሌላውን ሁሉ ረስተው ጆሮውን ብቻ ያዩታል። "ትልቁን ይለካል። ከመስመር በታች የሆነችው ቀጭን ነገር ዜሮ ትሆናለች።"

"ዜሮ ትሆናለች። በመዳፍ የተሸፈነ ድምፅ ቀጭን ነው።"

ፍላሹን ሰካ። ቁጥሩን ሲሞላ ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ አርባ ስምንት ሺህ፣ አሥራ ስድስት። ሁለት ጊዜ አረጋገጠና ተጫነው።

"የት ነው ያሉት? ቤት ቁጥር ይንገሩኝ!" ያቺው የምናውቃት፣ እንደ እሳት የምትነድ ሴት። ቀጥሎ የልብስ ሰፊዋ ድምፅ፣ እውነትም ቀጭን፣ እየጮኸ። ከዚያ ዝምታው መጣ። ጆሮው ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተው። ሽሽታ፣ የመዳፍ ኮሽታ፣ ከዚያ ከሩቅ፣ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ የመሰለ ሹክሹክታ፦ "ልብ ነው። ሁለተኛ ፎቅ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ። ቅርብ ያለውን ላክ። አሁን፣ አሁን!" የአሰማሪው ድምፅም "ወጣች" ሲል ተሰማ። አሥራ አንድ ሰከንድ።

ስልክ ተቀባይዋ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። "ነቅቼ ነበር" አለች፤ ለማንም አልነበረም የምታወራው። "ነቅቼ ነበር፣ ነቅቼ ነበር።"

ሰብሳቢው ክሱ መዘጋቱን እንድጽፍ ነገሩኝ፤ ጻፍኩ። የቴክኒሻኑ ጥፋት ለብቻው ይታያል አሉ፤ ጻፍኩ። ታይቶም ጆሮው ከድምፅ ክፍል ተነስቶ ዕቃ ግምጃ ቤት ገባ፤ ደረጃውም ዝቅ አለ። ያኔ ግን ገና ምንም አልተወሰነበትም፤ ላፕቶፑን ሊዘጋ እጁን ዘረጋ።

"ቆይ" አሉ ልብስ ሰፊዋ። "ከሷ ኋላ ሌላ ሰው አለ።"

"የለም እትዬ፣ እሷና አሰማሪው ብቻ ናቸው።"

"አለ። ድገመው።"

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ። ስልክ ተቀባይዋ እንባዋን በክንዷ ጠርጋ "ድገምላቸው" አለችው። ጆሮው የልጅቷን ሹክሹክታ ዝቅ፣ የደዋይዋን ወገን ከፍ አደረገው። ሴትየዋ ወንበራቸውን ትተው መጥተው ጆሯቸውን ድምፅ ማጉያው ላይ አስጠጉ። እኛም ሰማን። በጣም ቀጭን፣ ከወለል አካባቢ የሚመጣ፣ ትንፋሽ ያጠረው የሽማግሌ ድምፅ።

"ተይው ስልኩን… ነይ አጠገቤ።"

ልብስ ሰፊዋ የባላቸውን ድምፅ ለዩት።

"አልሰማሁትም" አሉ። "ጆሮዬ ስልኩ ላይ ነበር። እሷ ምን ትለኛለች ብዬ እሷን እየጠበቅኩ። ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር የቆምኩት።" ወደ ስልክ ተቀባይዋ ቀና አሉ፤ አርባ አምስት ቀን ሲጠሏት የኖሩት ሴት ናት፣ አሁን የሚጠሉትም ሰው ጠፋባቸው። ልጅቷ መጥታ ከጎናቸው ቆመች። ትከሻቸውን ያዘች።

"ድገመው" አሉት ጆሮውን።

ደገመላቸው።

"አሁንም።"

በሦስተኛው ላይ "ነይ አጠገቤ" ሲል አይናቸውን ጨፍነው "መጣሁ" አሉት።